የሂሮኖ ሳን የመብራት ምሰሶ

ሂሮኖ ካትሱዮሺ፣ በአክብሮት አጠራር ሂሮኖ ሳን፣ ሞሪዮካ ከተማ ውስጥ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሠሩት የብረት ማንቆርቆሪያ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ሥራቸውም ማዳመጥ ነበር። ቀልጦ የፈሰሰው ብረት ከቀዘቀዘ በኋላ እያንዳንዱን ማንቆርቆሪያ በትንሽ መዶሻ መታ ያደርጉታል። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያለበት ግን እንደታፈነ ሰው ያጉረመርማል። እሳቸው ያሳለፉት ማንቆርቆሪያ ውሃ አፈሰሰ ተብሎ ሲመለስ ያየ የለም።

ጡረታ ሲወጡ ያንን ጆሮ ወደ ሙዚቃ ሸክላ አዞሩት። የሚሰበስቡት እንደገና የታተሙ የድሮ የጃዝ አልበሞችን ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ህትመት ይዞ የሚመጻደቅባቸው ሰው ሲመጣ፣ «የሌላ ሰው ጭረት ለምን አዳምጣለሁ?» ይሉታል። የሚፈልጉት ከዋናው የቀረጻ ክር በጥንቃቄ የተገለበጠውን፣ በወፍራም ሸክላ የታተመውን፣ ሽፋኑን የሚያቅፈው የወረቀት መቀነት ያልተቀደደውን ነው። ፒያኖ፣ ቤዝና ድራም የሚጫወቱበት የአንድ ትሪዮ አልበም ብቻ ሰባት ዓይነት ህትመት አላቸው። ሚስታቸው ቶሚኤ ሳን ሰባቱን የሚለዩዋቸው በመቀነታቸው ቀለም ነው።

እኔ ኡሱይ እባላለሁ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። የሙዚቃ ክፍላቸውን የመብራት መስመር የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ በዚያው የሸክላ አድማጮች ማኅበራቸው ውስጥ ገባሁ። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ኢሶኖ የምትባል ሴት ካፌ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ይሰበሰብና አዲስ የወጣ ህትመት ይደመጣል። ሸክላው ሲያበቃ ማንም አይናገርም፤ ሂሮኖ ሳን ዓይናቸውን ገልጠው «ይገዛል» ወይም «ይቅር» እስኪሉ ይጠበቃል። የጥርስ ሐኪሙ ኖጉቺ፣ «መምህር ካልፈቀዱልኝ ቡናዬንም አልጠጣ» እያለ ያፌዝባቸዋል። ቢያፌዝም ይጠብቃል።

ባለፈው ጥቅምት የዚያ ትሪዮ ስምንተኛ ህትመት መጣ። ሂሮኖ ሳን ሰሙ፣ ዓይናቸውን ገለጡ፣ «ቤት ወስጄ ደግሜ ልስማው» አሉ። እንዲህ ብለው አያውቁም።

ቤት ወስደው ሲሰሙት የድራሙ የነሐስ ሳህን ድምፅ ጠፋ። ዱላው ሳህኑን ሲነካ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ የሚንሳፈፈው ድምፅ የለም። መርፌውን ቀየሩ፣ ገመዱን ቀየሩ፣ በመጨረሻ የድሮዎቹን ሰባቱን አወጡ። ከእነሱም ጠፍቷል። ስለዚህ ጥፋቱ የመብራቱ ነው አሉ፤ ጎረቤታቸው በጋውን ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ አስገጥሟልና ኃይሉን አቆሽሾብኛል ብለው ደመደሙ። እኔን የጠሩኝ ኃይሉ ከጎረቤት ሳይነካካ እንዲደርሳቸው ግቢያቸው ውስጥ የራሳቸውን የመብራት ምሰሶ፣ ከነትራንስፎርመሩ፣ እንዳቆምላቸው ነው። እብደት እንዳይመስላችሁ። ለሸክላ ብለው ምሰሶ ያስተከሉ አራት ደንበኞች አሉኝ።

ችግሩ ቦታው ነበር። የመቆፈሪያው መኪና የሚገባበት ብቸኛ ማዕዘን ላይ የቶሚኤ ሳን የካኪ ዛፍ፣ ቲማቲም የመሰለ ጣፋጭ ፍሬ የሚያፈራው፣ ቆሟል። ልጃቸው የተወለደች ዓመት የተከሉት ነው፤ በየመከሩ ፍሬውን ልጠው፣ በገመድ አስረው ጣሪያው ጥግ ላይ ያደርቁታል። ዛፉ ቅዳሜ እንዲቆረጥ ተቀጠረ።

«አርጅቷል፤ ማፍራቱንም ትቷል» አሉኝ ሂሮኖ ሳን። ይህን ሲሉኝ ደጃፉ ላይ ሁለት ቅርጫት ሙሉ ፍሬ ነበር።

«ኡሱይ ሳን፣ ምሰሶው ምን ያፈራል?» አሉ ቶሚኤ ሳን ቢላቸውን ሳያስቀምጡ።

«ሽቦ ነው የሚይዘው።»

«እንግዲህ ከርሞ ሽቦ ልጠን እናደርቃለን።»

ሐሙስ ዕለት ለመለካት ሄድኩ። መሣሪያዬን ሶኬቱ ላይ ሰካሁ፤ ኃይሉ ንጹሕ ነው። ጎረቤቱ ማመንጫውን እንዲያጠፋ ለመንኩት፣ እንዲያበራ ለመንኩት፣ ለውጥ የለም።

«መሣሪያህ ጆሮ የለውም» አሉ ሂሮኖ ሳን፤ ትሪዮውንም አስጀመሩልኝ።

ሰማሁ። ሳህኑ አለ። ከቀኝ በኩል፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚዘራ ስስ አሸዋ ያለማቋረጥ ይንሿሿል። እሳቸው ደግሞ ፊቴን እያዩ፣ «አየህ? የለም» ይሉኛል።

ያን ጊዜ ገባኝ። በጆሮው እንጀራ የበላን ሰው ጆሮህ ነው ማለት ይከብዳል። ዝም ብል ግን ዛፉ ቅዳሜ ይወድቃል፣ ሰኞ ሳህኑ አሁንም አይኖርም፣ ማክሰኞ ሌላ ጥፋተኛ ይፈለጋል። ጥቅም የሌለው ጉድጓድ መቆፈር ደግሞ አልወድም። ከመኪናዬ የመፈተሻ ሸክላዬን አመጣሁ። አንድ ሰው ቁጥር ይጠራል፤ ከዚያ በዚያ ቁጥር ልክ የቀጠነ ድምፅ ይከተላል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል።

«ሲሰሙ እጅዎን ያንሱ» አልኳቸው።

አንድ ሺህ ላይ አነሡ። ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ ላይ አነሡ። አራት ሺህ ሲባል አመነቱ። ስድስት ሺህ ሲባል እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ቀረ።

«ሸክላህ አልቋል» አሉ። «ሰውየው ቁጥር ይጠራል እንጂ የሚከተል ነገር የለም።»

ስምንት ሺህ ተጠራ። የወጥ ቤቱ በር ተከፈተና ቶሚኤ ሳን እጃቸው የካኪ ጭማቂ እንደሆነ ብቅ አሉ።

«አንተ፣ ይሄን ፉጨት ዝጋልኝ፤ ጥርሴን አስለቀሰው።»

ሂሮኖ ሳን መጀመሪያ ሚስታቸውን፣ ቀጥሎ የሚሽከረከረውን ሸክላ አዩ። እኔን አላዩኝም። መርፌውን ራሳቸው አነሡ፤ ማረፊያው ላይ አስቀመጡት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ።

«ስልክ ሲጮህ አልሰማ ካልክ ሁለት ዓመትህ ነው» አሉ ቶሚኤ ሳን። «ሆን ብለህ ዝም ያልከው መስሎኝ ነበር።»

ሂሮኖ ሳን ጫማዬን እስካደርግ ድረስ በሩ ላይ ቆሙና «ቅዳሜ አትምጣ» አሉኝ። የመቆፈሪያውን መኪና ደውዬ ሰረዝኩት።

ሐኪም ቤት ሄደው የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ተሰጣቸው። ለስልክና ለሚስታቸው ያደርጉታል፤ ለሙዚቃ ያወልቁታል። «ድምፁ የገበያ ሬዲዮ ነው» ይላሉ።

የኅዳር እሑድ ደረሰ። ኢሶኖ ባለፈው ፍርድ ያልተሰጠበትን ስምንተኛውን ህትመት አስጀመረች። ሲያበቃ እንደ ወትሮው ሁሉም ወደ ሂሮኖ ሳን ዞረ።

«ቤዙ ጥሩ ነው፤ ፒያኖው ጥሩ ነው» አሉ። «ከዚያ በላይ ያለውን እኔ አልሰማም፤ ጆሮዬ አልፎበታል። ኖጉቺ፣ አንተ ፍረድ።»

አሥር ዓመት ሲያፌዝ የኖረው ኖጉቺ ቡናውን አስቀመጠ። «እ... እንደገና ይከፈት» አለ። ተከፈተ። ለሦስተኛ ጊዜም ተከፈተ። ራሳችን ፈርደን ስለማናውቅ ሁላችንም ወለሉን እናያለን።

«ሳህኑ አለ» አለ ኖጉቺ በመጨረሻ።

«እንዴት ያለ ነው?» አሉ ሂሮኖ ሳን።

«ቴምፑራ ሊጠበስ ሲገባበት እንደሚንጣጣ ዘይት።»

«እሳቱስ? ኃይለኛ ነው መካከለኛ?»

ኖጉቺ ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። «መካከለኛ።»

«ከየት በኩል?»

«ከቀኝ። ከፒያኖው ትንሽ ኋላ።»

ሂሮኖ ሳን ኢሶኖን አራተኛ ጊዜ እንድትከፍት በእጃቸው ጠቆሟት፤ ወንበራቸውንም ትንሽ ወደ ቀኝ አዞሩ።