ቅዳሜ ከሰዓት፣ የእህል ሚዛን ላይ

ባለቤቴ መቶ አራት ኪሎ ነበር። ይህን ያወቅነው በሰው ሚዛን አይደለም። የጤና ረዳቱ ሚዛን መርፌው ተጣብቆ ስለነበር ሕፃንም ወጣበት ሽማግሌ ሰባ ሁለት ከማለት አያልፍም። ያወቅነው እሱ ራሱ በሚሠራበት የእህል መጋዘን፣ ኩንታል በሚመዘንበት ትልቁ ሚዛን ላይ ቆሞ ነው። በዚያ ዘመን ደብረ ታቦር ውስጥ ባሌን የሚችል ሌላ ሚዛን መኖሩን አላውቅም።

የመዘንነው ደም ብዛት አለብህ ስለተባለ ነው። ለሌላ ሰው ይህ ቃል ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ለእኔ ግን የአባቱ መልክ ነበረው። አማቼ ገና በአርባ ስምንት ዓመታቸው አውድማ ላይ ወደቁ። ሞት እንኳ አልወሰዳቸውም። ሦስት ዓመት በአንድ ጎናቸው ተኝተው፣ አንደበታቸው ተይዞ፣ ውሃ ሲፈልጉ በዓይናቸው እየጠቆሙ ኖሩ። ያገላበጥኳቸውና ያጠብኳቸው እኔ ነኝ፣ ገና የሙሽርነት ቀለሜ ሳይለቅ። አሁን ባለቤቴ አርባ አራት ሞልቶት ነበር፤ እኔም አራት ዓመት ቀረ ብዬ በጣቴ እቆጥር ነበር።

ጤና ረዳቱ ቅቤ ይቅር፣ ጨው ይቀነስ፣ ጠላና አረቄ እንዳይቀመስ፣ ሰውነትዎም ወደ ዘጠና ይውረድ አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አይቸኩሉ እመቤት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ። ይህን ተረት መስማት ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንገሸግሸኛል። እንቁላሉ እግር አውጥቶ እስኪሄድ ድረስ ባሌ ቢወድቅብኝስ? ያን ጊዜ ማን ነው የሚያገላብጠው፣ ተረቱ?

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ሥራ የምጀምረው በዕቅድ ነው። ለእሱ አንድ እንጀራ ለሁለት ቆርጬ ግማሹን ከጎመን ጋር አቀርባለሁ፤ እራት ላይ ደግሞ ድንች ቅቅል። አንድም ቀን አላጉረመረመም። ይኸው አለማጉረምረሙ ነበር ሊያጠራጥረኝ የሚገባው። ለካ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ቆሎ ሲቆረጥም ይውላል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ገበሬው ያኔ ለመንግሥት የሚያስረክበው ኮታ ተጥሎበት እህሉን በአህያ ጭኖ የሚመጣው እያዘነ ነበር። መጋዘኑ ደጃፍ ላይ የሚጠብቀው ብቸኛ መጽናኛ ባለቤቴ ነው፤ ምክንያቱም ባለቤቴ አይሰርቅም። እያንዳንዱ ገበሬ ፊት ሚዛኑን ባዶውን አቁሞ፣ «ና እይ፣ ዜሮ ነው» ሳይል ጆንያ አያስጭንም። «እሱ ዘንድ አንዲት ፍሬ አትጠፋም» ይሉታል። ታዲያ ምን ይስጡት? ገንዘብ አይቀበልም። ከኮሮጇቸው ቆሎ ዘግነው በኪሱ ይጨምሩለታል፤ ደግ ነው ያሉት ቀን በሶም ይቋጥሩለታል። ማታ ካኪ ኮቱን ሳራግፍ ገብሱ መሬት ላይ ይንኮሻኮሻል። «ይኼ ምንድን ነው?» ስለው በእውነት ገርሞት ያየኛል። «ቆሎ ነዋ! ቆሎ ምግብ ነው እንዴ?»

እዚያ አገር ምግብ የሚባለው እንጀራ ነው። ቆሎ መጨዋወቻ ነው፣ ጠላ ውሃ ነው፣ በማኅበር «በሞቴ» ተብሎ የተጎረሰ ደግሞ የጎራሹ ሳይሆን የአጉራሹ ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር ስታገል አንድ ወር አለፈና መዘንነው። ግማሽ ኪሎ ቀነሰ። ግማሽ! ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደማሰላ አሰላሁት፤ አሥራ አራት ኪሎ በዚህ አካሄድ ሃያ ስምንት ወር ይፈጃል።

ሁዳዴ ሲገባ ደስ አለኝ። ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የለ። ጾም ያከሳል ያለውን ሰው ባገኘው ኖሮ! ባሌ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እንደ ተፈታ ጥጃ ሽሮው ላይ ይወድቃል። ስልጆው፣ ተልባው፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ሁሉም ጾም ነው፤ ሁሉም የተፈቀደ ነው። የጎረቤታችን አሮጊት ደግሞ በየሁለት ቀኑ አጥር እየተሻገሩ፣ «ልጄ፣ ባልሽን ምን ነካው? ፊቱ ገረጣ እኮ። አታበላውም ይሉሻል» ይሉኛል። የፋሲካ ዕለት ሙሉ ድስት ዶሮ ወጥ ላኩለት። መቸኮሌን ስነግራቸው፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉኝ። የሁሉም አፍ ተረት ብቻ ነበር።

የዳግማ ትንሣኤ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገበሬዎቹ ከሄዱ በኋላ መጋዘን ገብተን መዘንነው። መቶ አራት ተኩል። በጀመርንበት ላይ ጨምሮ! ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ማልቀሱ ባልከፋ፤ አፌን አልያዝኩም። «ሂድ፣ አባትህን ሁን» አልኩት። «እኔ ግን ሁለተኛ አላስታምምም።» የእጁን አቧራ አራግፎ መብራቱን አጠፋ።

ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ታዘዘልኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መቶ ሦስት ተኩል ሆነ። በሚቀጥለው መቶ ሦስት። አንዳንዱን ሳምንት ይቆማል፤ ከዚያ እንደገና አንድ ኪሎ ይወርዳል። ሰኔ ሲያልቅ ዘጠና ሰባት ደረሰ። ደስታዬን የት ላድርገው? አስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ውስጥ አወራሁት፤ ለአሮጊቷም አጥር ላይ ቆሜ ነገርኳቸው። እንዲያውም እጄ መላላት ጀመረ። ይህን ያህል ከወረደ አንድ ማንኪያ ቅቤ ምን ይለዋል ብዬ ወጡ ላይ ጣል አደርግለት ነበር። ደሙን ለመለካት የምንሄድበትንም ቀን ሁለት ጊዜ አሳለፍኩ። እሱ ግን ቅቤውን ወደ ጠርዝ እየገፋ ይበላ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዳችን መጋዘን ገባሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እሱ እንደወትሮው ቀድሞኝ ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ሳይወጣ ግን የጭነት መኪና ሾፌር ሸራው ተቀዶ እህሉ ሊበሰብስ ነው እያለ ጠራው። እየሮጠ ወጣ። ብቻዬን ስቀር እስቲ ልመዘን አልኩና ወጣሁ። በመጀመሪያው ቀን አብሬው ተመዝኜ ስልሳ አንድ ተኩል ነበርኩ። አሁን ሃምሳ አምስት ተኩል አለኝ።

ወረድኩና እንደገና ወጣሁ። ያው ነው። ስድስት ኪሎ! እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ከምግብ ጎድዬ አላውቅም። በዚያ ዓመት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እንዲሁ ስትከሳ ስትከሳ ሳምባዋን ታማለች ተብላ ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር፤ እሷ ናት ትዝ ያለችኝ። ልጆቼን ለማን እንደምተው ማሰብ ጀመርኩ። ባለቤቴ ውሃ እያንጠባጠበ ሲመለስ እዚያው ሚዛኑ ላይ እንደቆምኩ አገኘኝ።

«ታምሜያለሁ» አልኩት። «ስድስት ኪሎ ወርጃለሁ፤ አንድ ነገር በውስጤ አለ።»

ዝናቡ ሚዛኑን አበላሸው ሊለኝ ይችል ነበር። አምነው ነበር። ሚዛኑን አየ፤ ፊቴን አየ። «አልታመምሽም» አለኝ። «ውረጂ።» ከሚዛኑ ጀርባ ጎንበስ ብሎ አንዲት ትንሽ ብሎን በጣቱ ብዙ ጊዜ አዞረ። «አሁን ውጪ።» ወጣሁ። ስልሳ አንድ ተኩል።

«እኔ ነኝ» አለ።

ሙሉውን ወረዳ ሳያጭበረብር የኖረ ሰው እኔን ብቻ አጭበረበረኝ! «ገበሬውንስ?» አልኩት፤ መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። «ለገበሬው አልነካውም» አለ። «ቅዳሜ አንቺ ከመምጣትሽ በፊት አዞረዋለሁ፤ ስትሄጂ እመልሰዋለሁ።» ለምን እንዳደረገው ጠየቅኩት። ጆንያዎቹን እያየ ነበር የመለሰልኝ። «ያን ቀን ያልሽኝን አልረሳሁም። ግማሽ ኪሎ ይዤ እንደገና ፊትሽ ልቆም አልቻልኩም።»

እኔ እኮ አባቱን እንዳይሆን ነበር የተቆጣሁት! እሱ ግን ከመውደቁ ይልቅ እኔን ፈራ። ያን ሁሉ ሳምንት ቅቤ የጨመርኩበትን እጄን መቁረጥ አማረኝ፤ እሱንም አንገቱን ማነቅ አማረኝ። «ተመዘን» አልኩት። ወጣ። መቶ አንድ ተኩል። ሰባት ወር ሙሉ የቀነሰው ሁለት ኪሎ ተኩል ነው፤ ግን የእውነት ነው። ኪሱን ገልብጬ አየሁት፤ አንዲት ፍሬ ቆሎ የለም። መቼ እንደተወው አልነገረኝም፤ እኔም ሚዛኑን ብቻ ሳይ ኪሱን ከፋሲካ ወዲህ አላየሁትም ነበር።

ሰኞ ጤና ረዳቱ ደሙን ለካና ትንሽ ወርዷል አለን። ደግነቱ ተረቱን አልደገመም። ቤት ገብቼ ቅቤውን ቅል ለአሮጊቷ ሰጠሁ፤ ለራሴም ማልኩ፦ ከእንግዲህ ስለ ኪሎ ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ሩብ ኪሎ ጨምሯል። እሱ ቁጥሩን አላየም፤ እኔን ነበር የሚያየው። ፊቴን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ፈገግ ለማለት ሞከርኩ።

«ምንም አይደለም» አልኩት። «የሚቀጥለው ሳምንት አለ።»

አላመነኝም። ከሚዛኑ ወረደና ገበሬዎቹን እንደሚያደርጋቸው ክንዴን ይዞ አስጠጋኝ። ባዶውን ሚዛን እያሳየኝ፣ «ነይ እይ፣ ዜሮ ነው» አለኝ።