ዶክተራችን ወደ ግድግዳ የዞሩበት ጠዋት

ጠዋት ነው... በደርግ ጊዜ፣ ጅማ። የሕክምና ተማሪ ነኝ። አስተማሪያችን ዶክተር ከፊት፣ እኛ ተማሪዎች ከኋላ ሆነን የምርመራ ክፍል ገባን። ከተማሪዎቹ ሴት እኔ ብቻ ነኝ።

አልጋው ላይ ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው የቡ የመጡ አዴ ዘይነባ የሚባሉ እናት ተኝተዋል። ቤታቸው ከወለዱ ሳምንት አልፏቸዋል፤ ደሙ ግን አልቆመም። ከንፈራቸው ነጥቷል። እኛን ሲያዩ ሻርፓቸውን ጉልበታቸው ላይ ስበው ጭምድድ አድርገው ያዙ።

«እነዚህ ሁሉ እነማን ናቸው?» አሉኝ በኦሮምኛ። ያደግኩት እዚያው ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ስለሆነ ከመሃላችን ኦሮምኛ የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለዶክተሩ ነገርኳቸው።

«ሁሉም ሐኪሞች ናቸው በያት። ቶሎ!»

ያኔ በሽተኛ ማስፈቀድ የሚባል ነገር አናውቅም። ተማሪ ይከባል፣ በሽተኛ ዓይኑን ይጨፍናል፣ በቃ። ግን ሴትየዋ ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ነው... አፌ እምቢ አለኝ።

«ተማሪዎች ነን አዴ። ሐኪሙ እሳቸው ብቻ ናቸው» አልኳቸው።

ወዲያው ተነስተው እግራቸውን ከአልጋው አወረዱ። ወለሉ ላይ ደም ጠብ ጠብ አለ።

«ዋላሂ፣ ለእነዚህ ጎረምሶች ከምገለጥ ቤቴ ሄጄ ልሙት!»

«ምን ብለሻት ነው አንቺ?!» ዶክተሩ ጮሁብኝ።

ሴትየዋ ከዚያ በር ከወጡ የቡ በሕይወት እንደማይደርሱ ገብቶኛል። በእኔ አፍ የተነሳ ሊሞቱ ነው።

«ማሎ አዴ...» ብዬ ለመንኳቸው። «እባክዎ፣ እንዴት ብናደርግ ይሻላል?»

«ኢንታላ ኮ... ልጄ፣ አንቺ መርምሪኝ። ጎረምሶቹ ይውጡ። ሐኪሙ ይቅር፤ ግን ወደ ግድግዳ ይዙር።»

ተረጎምኩ። ዶክተሩ ወለሉ ላይ ያለውን ደም አዩ፣ እኔን አዩ... ልጆቹን አስወጥተው ዞሩ። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የሊቀመንበሩ ፎቶ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠጡ። ሌላ ቀን ቢሆን ስቄ አላባራም ነበር።

ጓንት አጠለቅኩ።

«ምን አገኘሽ?» ይላሉ ፎቶውን እያዩ።

«ለስላሳ ነገር... የማህፀን አፍ ላይ ተሰክቷል።»

«የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ነው። በመቆንጠጫው ያዥና ሳቢው። ቀስ ብለሽ!»

ሳብኩት። ደሙ ግንፍል አለ... ደንግጬ ጮህኩ። ዶክተሩ ሊዞሩ ሲሉ «እንዳይዞር!» አሉ አዴ ዘይነባ። ኦሮምኛ የማይችሉት ዶክተር ሳይተረጎምላቸው ገባቸው፤ ባሉበት ደረቁ።

«ከእምብርቷ በታች ጫን አድርገሽ ያዥ!»

ያዝኩ። ደሙ ቀስ በቀስ ቀነሰ... ቆመ። አዴ ዘይነባ «አልሃምዱሊላህ» አሉ፤ እኔ ጓንቱን ሳላወልቅ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተሩ የአዴ ዘይነባ ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እኛም ከኋላቸው ቆምን።

«እስቲ ግቢና...» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መግባት እንችል እንደሆነ ጠይቂልን።»

ገብቼ ጠየቅኳቸው። አዴ ዘይነባ ሻርፓቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉና «ዛሬስ ጠይቀዋል... ይግቡ» አሉኝ።