ንድፉን በነጻ የምትሰጠው ሴት

በ1975 ዓ.ም. ናዝሬት ውስጥ፣ በጋሽ መሐመድሰዒድ ሬዲዮ መጠገኛ ቤት አንዲት ሴት አውቅ ነበር። ስሟን ጠይቄ አላውቅም። ዐሥራ ስድስት ዓመት የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበረች፤ አውቶማቲክ መሣሪያ ሲገባ ሥራዋ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ክርኑ የተጣፈ ሹራቧን ለብሳ፣ ጥገና ለመልመድ ያለ ደመወዝ ትሠራለች። የከፈተችውን ሬዲዮ ሁሉ የሽቦ መስመር በወረቀት ትነድፋለች፤ ንድፉንም በካርቦን ገልብጣ ከአቅራቢያው ከተሞች፣ ከደራም ከሁሩታም፣ ለሚመጣ ጠጋኝ ትሰጣለች።

«ገበያዬን ልትዘጊው ነው?» ይሏታል ጋሽ መሐመድሰዒድ።

«እኔስ ከሰው አይደል የምማረው?» ትላለች ቀና ሳትል።

አንድ ቀን ደሊል የሚባል የሁሩታ ጠጋኝ ንድፏን ይዞ ተመለሰ። «እህቴ፣ ይቺ ሽቦ እዚህ አይደለም የምትገባው። ሁለት ቀን አለፋችኝ።»

ፊቷ ቀላ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወንበር ሳበችለት፤ «ቁጭ በልና አሳየኝ» አለችው። የቀሩትን ቅጂዎች አብረው አረሙ። ከእያንዳንዱ ግርጌ «ያረመው ደሊል፣ ከሁሩታ» ብላ ጻፈች። ደሊል ስሙን ደጋግሞ አነበበና ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ጋሽ መሐመድሰዒድ ይህን አይተው፣ «ከነገ ጀምሮ ደመወዝተኛ ነሽ» አሏት።

«ንድፍ መስጠቱንስ ልተው?»

«ለእኔም አንድ ገልብጪልኝ።»