ያልለቀቀው የእንሰት ቀለም

ያን ዓመት ጠዋት ጠዋት ከሶዶ ወደ ጉኑኖ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፍሬ መንገድ ላይ እወርድና የቀረውን በእግሬ እሄድ ነበር። ልጄን ጡት ካስጣልኩ ገና ወሩ ስለነበር እንቅልፍ አልጠግብም። ትምህርት ቤት ስደርስ ቀኑ ያለቀ ይመስለኛል።

የንጽህና ክበቡ የተሰጠኝ ሌላ የሚይዘው መምህር ስለጠፋ ነው። ቧንቧ የለንም። ልጆቹ ከቤታቸው በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ይዘው ይመጡና መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ በተንጠለጠለችው ጀሪካን ውስጥ ይገለብጡታል። ሳሙናውን በገመድ ካላሰርነው አያድርም። ከሰልፍ በኋላ የአራተኛ ክፍል ልጆች እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ እኔ እያየሁ አልፋለሁ። መዳፍ፣ የጣት መሃል፣ ጥፍር። ያንኑ ነገር በአማርኛም በወላይትኛም ስደጋግም አፌ ይዝላል።

አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ። አንድ ሰኞ እጇን ስትዘረጋ እስከ አንጓዋ ጠቁሯል። ታጠቢ ብዬ መለስኳት። ታጥባ መጣች፤ ያው ነው። ደግሜ መለስኳት። በሦስተኛው በአመድ ስትፈትገው አየሁ፤ ቆዳዋ ተላልጦ ቀላ፣ ጥቁረቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ታክቶኝ ነበር። ልጆቹ ፊት፣ "በዚህ እጅ ሰው ምሳ አይበላም" አልኩ። አንዳንዶቹ ሳቁ። እሷ አላለቀሰችም፤ እጇን ከጀርባዋ ደብቃ ወደ ክፍል ገባች።

ማክሰኞ አልመጣችም። ረቡዕም፣ ሐሙስም። ዓርብ ከሰዓት አንዲት የጎረቤቷ ልጅ ቤታቸውን አሳየችኝ።

ጓሮ ውስጥ፣ እንሰቱ መሃል አገኘኋት። ዘንበል ካለ ጣውላ ፊት ተቀምጣ፣ ከግንዱ የተገነጠለውን እንሰት በአንድ እግሯ ጣውላው ላይ ተጭና ይዛ፣ በቀርከሃ ቁልቁል ትፍቃለች። ውኃው በክንዷ ይወርዳል። ስታየኝ ቀርከሃውን ጣል አድርጋ ተነሳች።

እኔ የሶዶ ከተማ ልጅ ነኝ። አባቴ ከጉራጌ መጥቶ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ ያደግኩት ቆጮ እየበላሁ ነው። እናቴ ግን ከገበያ ገዝታ ነበር የምታመጣው። እንሰት ሲፋቅ ቆሜ አይቼ አላውቅም፣ የፋቂውን እጅ እንደሚያጠቁርም አላውቅም ነበር። ክፍሉ በሙሉ ያውቅ ነበር፤ የነገረኝ ግን አልነበረም።

እናቷ ቤት ውስጥ አራስ ናት። አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ከወለደች ሁለት ሳምንቷ ነው፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ ሩቅ ሄዷል፤ ቤቱን የያዘችው ልጅቷ ናት። ይህን ሁሉ በወላይትኛ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ቲቸር፣ ይሄ እድፍ አይደለም፣ እንሰቱ ነው" አለችኝ። "ሥራው ቀርቶ ቀናት ካላለፉ አይለቅም። እሷ እኮ ሳትታጠብ ሕፃኑን አትነካውም። አንቺ ያስተማርሻትን ለእኔ ያስተማረችኝ እሷ ናት።"

ልጅቷን ይቅርታ ልላት ስወጣ ውኃ ልትቀዳ ወደ ምንጩ ወርዳለች። እስክትመለስ ብቆይ የመጨረሻው መኪና ሊያመልጠኝ ነው። ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ፣ ትንሽ ብጠብቅ ምን ነበረበት እያልኩ ነው የሄድኩት።

ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰችው እናቷ ከአራስ ቤት ስትወጣ ነው። የሳቁባት እንዲሰሙ ብዬ ሰልፉ ላይ ተናገርኩ። ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ፣ እጇ ንጹሕ እንደነበር፣ እንሰት የፋቀ እጅ የሚያሳፍር እጅ እንዳልሆነ። መሬት መሬት እያየች ሰማችኝ።

"እሺ ቲቸር" አለች።

ከዚያ ወዲህ እጅ አላስዘረጋም። ሲታጠቡ አብሬያቸው እቆምና እኔም እታጠባለሁ፣ ይኸው ነው። ልጅቷ ግን ዓመቱ እስኪያልቅ፣ አጠገቧ ቆሜ ደብተሯን ሳርም እንኳ፣ እጇን ዴስኩ ላይ አላሳረፈችም።