ስድስት መቶ አርባ ኪሎባይት

መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ ታይፕራይተር የነበረው ሰው ሁሉ እኔን ያውቀኝ ነበር። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። የጽሕፈት መኪና ጥገና የተማርኩት ከምን አለሽ ተራ አንድ የተሰበረ ገዝቼ፣ ሦስት ጊዜ በታትኜ ሦስት ጊዜ በመግጠም ነው። በሦስተኛው አንድም ብሎን አልተረፈኝም። ከዚያ ወዲህ ራዲዮም ይሁን የወረቀት ማባዣ፣ እጄ ገብቶ ሳይሠራ የተመለሰ ማሽን ትዝ አይለኝም። ጉራ የመሰለው ካለ የዚያን ጊዜ ደንበኞቼን ይጠይቅ፤ ብዙዎቹ ዛሬም አሉ።

መንግሥት ተለውጦ ዕቃ እንደ ልብ መግባት ሲጀምር ኮምፒውተርም ሰባተኛ ደረሰ። ሌላው ጠጋኝ «ይሄ የተማረ ሰው ሥራ ነው» ብሎ ሸሸው። እኔ ግን ክዳኑን ከፍቼ ካየሁት በኋላ ሰው የገጠመውን ሰው ይፈታዋል አልኩ።

ከሱቄ ሦስት በር አልፎ ማመልከቻና የትምህርት ቤት ፈተና የምትጽፍ ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ልጆቿን ያሳደገችው በሁለት የአማርኛ ታይፕራይተር ነው። እነዚያን ሸጣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ ገዛች። ስትገዛ ሻጩ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ አትሞ አሳያት፤ ማተሚያው እየጮኸ ወረቀቱን ሲተፋው ደስ ብሏት ተሸክማው መጣች። በአማርኛ አትመህ አሳየኝ አላለችም። መርካቶ ውስጥ ቴፕ ስትገዛ ሻጩ በከፈተልህ ዘፈን ነው የምትፈትነው፤ እሷም እንደዚያው አደረገች።

ጉዱ የወጣው አንድ ሐሙስ ነው። ከአንድ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለት ገጽ የአማርኛ ፈተና ለሰኞ ጠዋት ልታደርስ ተቀብላለች። ጽፋ ጨርሳለች፤ ስክሪኑ ላይ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይታያል። አትም ስትለው ግን ስክሪኑ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ያወጣና ይደርቃል፤ በቂ ሚሞሪ የለም ነው የሚለው። ጠርታኝ አንድ ገጽ ብቻ ለይተን ሞከርን። ያው ነው።

«ሰኞ ካላደረስኩ ሥራውን ለሌላ ይሰጡታል፤ የእኔን ሱቅ የያዘው እሱ ነው» አለችኝ። «ታይፕራይተሮቹ ደግሞ የሉም፣ ጋሼ።»

«ሚሞሪ ካነሰው ይጨመርለታል፤ ይሄ ምን ያስጨንቃል?» አልኳት።

ምን አለሽ ተራ ሄጄ ከተጣለ ማሽን ውስጥ የሚሞሪ ቺፖችን ለቅሜ፣ እግራቸውን በላጲስ ጠርጌ ገጠምኩላት። ማሽኑ ሲነሳ ሚሞሪውን ይቆጥራል፤ በፊት አራት ሺሕ ኪሎባይት ላይ ይቆም የነበረው ቁጥር ስምንት ሺሕ አልፎ ቆመ። ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ። ከዚያ አትም አልነው። በቂ ሚሞሪ የለም!

ማሽኑን ከሸጠላት ቤት ቴክኒሻን መጣ። ክራባት ያሰረ ወጣት ነው፤ ክፍቱን ማሽን አይቶ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ እንደ ታይፕራይተር ዘይት ጠብ አድርገው የሚያሽከረክሩት አይደለም።»

«አንተስ ምን ታደርግለታለህ?»

«ምንም አይደረግለትም። አዲስ ሞዴል ይግዙ።»

እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም እሷ እያየች «እስከ ቅዳሜ ማታ ይታተማል» አልኩት። እንዴት እንደሚታተም አላወቅኩም፤ እንደሚታተም ግን እርግጠኛ ነበርኩ።

ዓርብ፣ ግማሹ ተራ ለጁምዓ ሰላት ወጥቶ መንገዱ ጭር ሲል፣ ከማሽኑ ጋር የመጣውን ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍና መዝገበ ቃላቴን ይዤ ተቀመጥኩ። አንዱ ገጽ ሩብ ቀን ወሰደብኝ። ቢሆንም ገባኝ። የዚያን ጊዜ ማሽኖች የሚተዳደሩት ዶስ በሚባል ሥርዓት ነው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፍክለት የሚሠራ። ዶስ ሥራውን የሚሠራው ከታች ባለችው ስድስት መቶ አርባ ኪሎባይት ውስጥ ብቻ ነው። ስምንት ሺሕ ብትጨምርለትም መቶ ሺሕ ብትጨምርለትም ከዚያች አይወጣም። ቤቱ ሰፊ ቢሆንም እሱ የሚኖረው በረንዳው ላይ ነው።

አማርኛችን ደግሞ ዶስ ውስጥ የለም። ፊደሉን የሚያወጣውና ወደ ማተሚያው የሚልከው ለብቻው የተሠራ ፕሮግራም ነው፤ ማሽኑ ሲነሳ ገብቶ እስኪጠፋ ድረስ ሚሞሪው ላይ ቁጭ ይላል። ማውሱን የሚያዝም አለ፣ ከቫይረስ የሚጠብቅም አለ፣ ዲስኩን የሚያፋጥንም አለ። ሁሉም በረንዳው ላይ ተጋፍተው ተቀምጠዋል። መጽሐፉ እንደሚለው ከስድስት መቶ አርባው በላይ ትንሽ ባዶ ቦታ አለ፤ ዶስ ራሱ ባይጠቀምበትም እነዚህን ተቀማጮች ወደዚያ ማውጣት ይቻላል።

አወጣኋቸው። ማለቴ፣ ትንንሾቹ ወጡ። ትልቁ የአማርኛው ፕሮግራም ግን ተመልሶ ታች ቁጭ አለ። ወረቀት ላይ ስደምረው ቦታው ይበቃዋል፤ ማሽኑ ግን እምቢ አለ። ዓርብ እንዲሁ አለፈ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደጃችን አንድ አይሱዙ ወደ ክፍለ ሀገር ሊሄድ ይጫን ነበር። ተሸካሚዎቹ የሳሙና ካርቶኑን ዝም ብለው ወለሉ ላይ ደርድረውታል። ሁለት የዘይት በርሜል ቀረ። እዚህም ክፍተት አለ፣ እዚያም ክፍተት አለ፤ በርሜል የሚያስገባ ግን የለም። የተሸካሚዎቹ አለቃ ከሻይ ቤት ወጣና ጮኸ።

«ማነው ካርቶን ያስቀደመው?»

«አለቃ፣ በርሜሉን ሾፌሩ ይታቀፈው!» አለ አንዱ ከላይ ሆኖ።

«አንተን ነው የማሳቅፍህ! አውርድ! በርሜሉ ይቅደም፤ ካርቶን የትም ይገባል።»

አወረዱት። በርሜሉን አስቀደሙ፤ ካርቶኑ በየክፍተቱ ገባ፤ ሸራው ታሰረ፤ መኪናው ሄደ። እኔ ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ዶስ ሲነሳ የሚያነበው አጭር የትእዛዝ ዝርዝር አለ፤ ከላይ ወደ ታች፣ በተራው ነው የሚጭነው። አንደኛው መስመር ማውስ ነበር፣ ሁለተኛው ቫይረስ ጠባቂ፣ ሦስተኛው ዲስክ አፋጣኝ፣ አማርኛው መጨረሻ። ትንንሾቹ ቀድመው ገብተው ቦታውን ቆራርጠውበታል! አማርኛውን መጀመሪያ አደረግኩት፣ ዲስኩን አስከተልኩ። ማውሱን ከዝርዝሩ ጨርሶ ሰረዝኩት፤ ሴትዮዋ ካለበሰችው ጨርቅ ሥር አውጥታውም አታውቅ።

ቴክኒሻኑ ነገሩ ከምን እንደደረሰ ሊያይ መጥቶ ከኋላዬ ቆሟል። ቫይረስ ጠባቂውንም ስሰርዝ እጄን ሊይዝ ምንም አልቀረው።

«ጋሼ፣ ቫይረስ ቢገባስ?»

«ይግባ። መጀመሪያ የሚበላው ሥራ ይኑር።»

ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳሁት። የአማርኛው ፕሮግራም ወደ ላይኛው ባዶ ቦታ ወጥቶ ተቀመጠ። ከማተሚያው የቀለም ሪባኑን አውጥቼ፣ ፊደል የሚመቱት መርፌዎች በቀጥታ እንዲበሱት ስቴንስል፣ ማለት ማባዣ ላይ የሚገባውን ሰም የተቀባ ወረቀት፣ አስገባሁና «እትዬ፣ አንቺ እዘዢው» አልኳት። ተጫነችው።

ማተሚያው ትንሽ አሰበና መጮህ ጀመረ። ስቴንስሉን ወደ ብርሃን ዘርግታ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። «ሀ»ውም «ሐ»ውም «ኀ»ውም አሉ። ከዚያ ሁለተኛውን ስቴንስል አቀበለችኝ።

በዚያች ቅዳሜና ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን እዚህ ላስፍር፤ ሌላ የሚጽፍልኝ የለም።

አሥራ ሁለቱንም ስቴንስል ከአሥር ሰዓት በፊት አስጨረስኩ፤ አንድም አልተቀደደ።

ሰኞ ጠዋት ፈተናው ትምህርት ቤቱ ደረሰ። የሴትዮዋ ሥራ ከእጇ አልወጣም፤ ሱቋም ልጆቿ ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ ድረስ አልተዘጋም።

ያለ ጥቅም የጨመርኩላትን ቺፕ ነቅዬ ወሰድኩ፤ የተሳሳትኩትንም ነገርኳት።

ከሰባተኛ እስከ ጭድ ተራ በአማርኛ ማተም እምቢ ያሉ አሥራ አንድ ማሽኖችን በዚሁ መንገድ አስነሳሁ።

ቴክኒሻኑ ያንን የትእዛዝ ዝርዝር በገዛ እጁ ከእኔ ገለበጠ፤ ክራባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ።

ለተሸካሚዎቹ አለቃ ሻይ ጋበዝኩት። ለምን እንደሆነ ላስረዳው ሞክሬ ነበር፤ ይህን አንዱን ግን አልቻልኩም።