በሽማግሌ የተመረጠ ካርቡራተር

በደርግ ዘመን፣ ዳንግላ የሳይንስ መምህር ሆኜ ስመደብ፣ የተከራየኋት ክፍል አንድ ከጤና ጣቢያ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ግቢ ውስጥ ነበረች። ከመስኮቴ ፊት ለፊት በቆርቆሮ ዳስ ሥር አንዲት ሰማያዊ መኪና ትቆማለች። ሞተሯ ከኋላ የሆነ የጀርመን ሥሪት ናት። ድሬሰሩ የገዟት አብዮቱ ሲፈነዳ ሻንጣውን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከተመለሰ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። በአገው ምድር አውራጃ እኔ ካየኋቸው የቤት መኪኖች ሁሉ በአንድ ነገር ትለያለች፤ ካርቡራተር የላትም።

ይህን ሳላስረዳ ማለፍ አልችልም። የቤንዚን ሞተር ቤንዚን ብቻ አይበቃውም፤ ከአየር ጋር ተደባልቆ ሊደርሰው ይገባል። ካርቡራተር የሚሠራው እንደ ፍሊት መንፊያ ነው። አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ሲሮጥ ቤንዚኑን በቀጭን ቀዳዳ እየሳበ ይዞት ይገባል። አይለካም፣ አያስብም። የድሬሰሩ መኪና ግን ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ቤንዚን የሚረጭ መርፌ አላት። መርፌዎቹን የሚያዘው የመማሪያ መጽሐፍ የሚያህል የኤሌክትሮኒክ ሳጥን ነው። ሳጥኑ የአየሩን ግፊትና የሞተሩን ሙቀት እየለካ፣ መርፌዎቹ ለምን ያህል ቅጽበት እንደሚከፈቱ ይወስናል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሦስት ቀለም ጠመኔ ስዬ ለተማሪዎቼ ያስረዳሁ ቀን፣ ደወሉ ተደውሎ እንኳ አልሰማሁም፤ የሰሙት ተማሪዎቹ ናቸው።

ድሬሰሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲወጉ የኖሩ ናቸውና በመኪናቸው ይኮሩ ነበር። «የመርፌን ነገር ለእኔ ተዉት። ኪኒን የሚውጥና መርፌ የሚወጋ እኩል ይድናል?» ይላሉ።

ታዲያ አንድ ክረምት ዝናብ በመስኮቱ ላስቲክ ሾልኮ ሳጥኑ ውስጥ ገባና ውስጡን አዛገው። መኪናዋ ቆመች። ዶሮዎች ሥሯ እንቁላል መጣል ጀመሩ፤ ማንም ግድ አልነበረውም። ግድ ያለው ሰው የመጣው የድሬሰሩ ልጅ ስትታጭ ነው።

ልጅቱ ፈረስ ትፈራለች። ትንሽ ሳለች ወደ አዘና ዘመድ ጥየቃ ስትሄድ ከፈረስ ወድቃ የትከሻዋ አጥንት ተሰብሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፈረስ ከመጣ መንገድ ትሻገራለች። በአገው ምድር ፈረስ መፍራት፣ ጣና ዳር ተወልዶ ውኃ እንደ መፍራት ነው። እጮኛዋ ደግሞ ኮሶበር፣ ዛሬ እንጅባራ በምንላት ከተማ፣ የእርሻ ቢሮ ጸሐፊ ቢሆንም ዘመዶቹ የዘንገና አካባቢ ሰዎች፣ ፈረስ የሚያስጌጡ፣ ሙሽራ በፈረስ ወስደው የሚያስገቡ ናቸው። ልጅቱ ለአባቷ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ «በመኪናችን ከሆነ እሄዳለሁ። በፈረስ ከሆነ ግን አባዬ፣ እዚሁ ላርጅ።»

ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ጊዜ ስለነበር ለሠርግ መኪና የሚያውስ አልነበረም። እንግዲህ ያቺው ሰማያዊ መኪና እስከ ጥር መነሣት አለባት። እንዴት ትነሣ በሚለው ግን ቤቱ ለሁለት ተከፈለ።

ድሬሰሩ አዲስ ሳጥን ከውጭ አገር እስኪመጣ እንጠብቅ አሉ፤ አዲስ አበባ ያለ የሚስታቸው ወንድም አዝዟል። ሚስታቸው፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ መርፌው ተነቅሎ ካርቡራተር ይግባ አሉ። የከተማዋ መካኒክ ባሕር ዳር ከወደቀች የዚያችው ዓይነት መኪና ላይ ካርቡራተር ፈትቶ በጆንያ ይዞ መጥቶ ነበር።

«ወንድምሽን አታምኝውም?» ይላሉ ድሬሰሩ።

«ወንድሜንማ አምነዋለሁ። ለእኔ ሠርግ በግ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ነበር፤ አሁንም እየመጣ ነው» ይላሉ እትዬ።

እኔ ከድሬሰሩ ጋር ነበርኩ። መካኒኩ ይህን ሲሰማ ግራሶ የተቀባ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ «ጓድ መምህር፣ አንተ የምትደግፈው ሰሌዳ ላይ የሳልካትን መኪና ነው። እሷማ ቤንዚንም አትፈልግ» አለኝ።

ባልና ሚስት በአንድ ትሪ መብላት ሲያቆሙ፣ እትዬ ነገሩን ለሽማግሌ ሰጡት። በእኛ አካባቢ መሬትም፣ ላምም፣ ፍቺም ለሽማግሌ ይሰጣል፤ ካርቡራተር ሲሰጥ ግን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሽማግሌው የሙሽራው አጎት ነበሩ። ስለ ሠርጉ ቀን ለመነጋገር ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ከዘንገና በፈረስ መጥተው፣ ገና ጠላው ሳይቀርብ ጉዳዩ ቀረበላቸው። በርኖሳቸውን እንደ ደረቡ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡና መጀመሪያ እኔን ጠሩ።

«መምህር፣ ተናገር። ይህ ሳጥን ምን ጥቅም አለው?»

ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው። «አባቴ፣ ኮሶበር ከዳንግላ ከፍ ይላል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ሳጥኑ ይህን ያውቅና ቤንዚኑን ይቀንሳል። ካርቡራተር ግን ከፍታ አያውቅም፤ ዳንግላ ላይ የለመደውን እዚያም ይሰጣል። ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበትና ይጨሳል፣ ጉልበትም ያጣል።»

«ዕውቀቱ ጥሩ ነው። የሳጥኑ ሐኪም የት ነው?»

«እንግዲህ… ጀርመን ነው።»

«የዚህኛውስ?» አሉ ጆንያውን በዱላቸው እየነኩ።

መካኒኩ ከበሩ አጠገብ፣ «እኔ ነኝ አባቴ» አለ።

«አንተ ስትታመምስ?»

«እኔንማ ድሬሰሩ ይወጉኛል።»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ድሬሰሩ እንኳ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ሽማግሌው ከጓደኛቸው ጋር በአገዎቹ ቋንቋ በአውኚ ጥቂት ተነጋገሩና ፍርዱን በአማርኛ ሰጡ። «ፈረስ ስትገዛ የሚፈጥነውን ብቻ አትመርጥም፤ የሚበላው ገብስ በአገርህ የሚበቅለውን ትመርጣለህ። ካርቡራተሩ ይግባ። ሳጥኑና መርፌዎቹም አይጣሉ፤ ደህናው ሳጥን የመጣ ዕለት ይመለሳሉ። መምህሩ ስለ ዳገቱ ያለው ግን ቀልድ አይደለም። መካኒኩ መኪናዋን ኮሶበር ወስዶ እዚያው ብርዱ ላይ ያስተካክላት።»

እኔም አንድ ነገር አስጨመርኩ። የመርፌው ፓምፕ ግፊቱ ብርቱ ስለሆነ ካርቡራተሩን ያጥለቀልቀዋል፤ የወደቀችው መኪና ፓምፕም አብሮ ይምጣ አልኩ። መካኒኩ አጉረመረመ፣ ሞከረ፣ ቤንዚኑ ጫማው ላይ ፈሰሰ፣ ከዚያ ባሕር ዳር ሄዶ ፓምፑን አመጣ። በኋላ ኮሶበር ድረስ አብሬው ሄድኩ። እሱ በካቻቢቴ ሲያጠብቅና ሲያላላ፣ እኔ ጭሱን እየተመለከትኩ ቀለሙን እነግረው ነበር። መኪናዋ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ታስላለች እንጂ ትሄዳለች።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። መካኒኩ ነጂ ሆነ፤ እኔ የሞተሩን ድምፅ የማዳምጥ ተብዬ ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ ሙሽሮቹ ከኋላ ሆኑ። ዘመዶቹ ሙሽራውን ፈረስ ላይ ሊያወጡት ቢለምኑት፣ «እሷ በተቀመጠችበት ነው የምቀመጥ» ብሎ ገብቷል። ከዳንግላ እስከ አዲስ ቅዳም ምንም እንከን አልነበረም። መካኒኩ ያፏጫል፤ እኔ ስለ ካርቡራተሩ ጉሮሮ ለሙሽራው አስረዳዋለሁ፤ ሙሽራው በትሕትና ይሰማል።

አዲስ ቅዳም ላይ ፈረሰኞቹ ተሰልፈው ጠበቁን። አጎትየው ከፈረሳቸው ወርደው መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩ። ቅር አላቸው። «ሙሽራ እንዲህ ራቁቷን በሆነች ነገር ትገባለች?» አሉና ግላሱን ከራሳቸው ፈረስ ላይ አወለቁ። ግላስ የክብር ፈረስ የሚለብሰው፣ በቀይና በቢጫ ክር የተጠለፈ ወፍራም ልብስ ነው። ከኋላዋ መስታወት ሥር ጀምረው እስከ ታች መከላከያው ድረስ አለበሷት፤ በጎንና ጎንም አውርደው በጠፍር አሰሩት። ፈረሰኞቹ በሆታ ተቀበሉት። መኪናዋም አማረባት፤ እኔ ራሴ አጨበጨብኩ።

ከአዲስ ቅዳም ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ ተንገዳገደ። ጥቁር ጭስ ወጣ፤ ቆምን።

«ከፍታው ነው» አልኩ።

«ቤንዚኑ ቆሻሻ አለበት» አለ መካኒኩ።

ወርደን ጠፍሩን ፈታን፣ ግላሱን በአክብሮት ገለጥን፣ ኮፈኑን ከፈትን። እሱ የቤንዚኑን ቱቦ ነፋ፤ እኔ የካርቡራተሩን ቡሎን ትንሽ እንዲያጠብቅ ነገርኩት። ሞተሩ ተነሣና እንደ ሰዓት መታ። እሱ የእሱ ሥራ መሰለው፤ እኔም የእኔ። ግላሱን መልሰን አሰርንና ሄድን። ጥቂት እንደ ወጣን እንደገና ተንገዳገደች። እንደገና ገለጥን፣ ነፋን፣ አጠበቅን፤ ተነሣች። አልብሰን ስንሄድ ደግሞ ቆመች።

በዚህ ጊዜ ፈረሰኞቹ ከበውናል። አንዱ ወጣት ባዶ ኮርቻ ያለባት በቅሎ እየሳበ ወደ መስኮቱ አስጠጋ። «መቼስ ብረት ብረት ነው። ሙሽሪት፣ ነይ ውጪ፣ ዳገቱ ይቺን ያውቃታል» አላት። ሌሎቹም ተቀበሉት። በቅሎዋ አፍንጫዋን በመስኮቱ ስታስገባ ልጅቱ ወደ ሙሽራው ተጠጋች። እኔ ፊቴን ወደ ፊት አዞርኩ፤ መካኒኩ ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ቱቦ ሊነፋ በሩን ከፈተ።

«ቆይ» አለችው በዝግታ። «ግላሱ ሲገለጥ ትነሣለች። ስትለብሰው ትታፈናለች። እኔ ከኋላ ሆኜ እያየሁት ነው።»

ከመካኒኩ ጋር ተያየን። የዚያች መኪና አየር መሳቢያ ስንጥቆች ያሉት ኋላዋ ጎንና ጎን ላይ ነው፤ ሞተሩ በዚያ ነው የሚተነፍሰው። አፍንጫዋን ሸፍነን አየሩ ሳሳ እያልን ነበር። ወዲያው በመስኮት ብቅ ብዬ ለአጎትየው ማስረዳት ጀመርኩ፤ «አባቴ፣ ይህ ሞተር አየር የሚስበው…» ስል ሙሽራው ከኋላ ትከሻዬን ጨመደደ። እውነቱን ነው። በዘመድ ፊት የታሰረ የክብር ልብስ፣ «ይነሣልን» ተብሎ አይነገርም። ሰውየው የሰጡት የፈረሳቸውን ክብር ነው። ልጅቱም ታውቀዋለች፤ በቅሎዋ እዚያው ቆማ እያለ ራሷ መስኮቱን ይበልጥ ዝቅ አደረገችና አንገቷን አወጣች።

«አባባ» አለቻቸው።

«አቤት ልጄ።»

«የኮሶበር ብርድ ከበደኝ። ያ የእርስዎ ግላስ ደጅ ከሚውል፣ እኔ ለብሼው ብገባ ይከፋዎታል?»

 አጎትየው ለፈረሰኞቹ በአውኚ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ወጣቱ በቅሎዋን ስቦ ወደ ኋላ ሄደ። ጠፍሩን በገዛ እጃቸው ፈቱ፣ ግላሱን አራገፉ፣ በመስኮቱ አስገብተው ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ አለበሷት፤ ለሙሽራውም ጫፉን ሰጡት። «እኔ እኮ መኪናዋን ይበርዳታል ብዬ ነበር» አሉ።

መካኒኩ ቁልፉን ዞር አደረገ፤ ሞተሩ ያለ አንዳች ሳል ተነሣ። ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣችው። ፈረሶቹ ሲጋልቡ ከጎናችን ነበሩ፤ ቀጥሎ ከመስታወቱ ኋላ፤ ቀጥሎ አቧራ ብቻ። መካኒኩ ካርቡራተሩን በስም እየጠራ እንደ ፈረስ ያሞግሰው ጀመር።

«ቀስ በል» አለችው ሙሽራዋ።

«ምነው? ስትቆም ትፈሪያለሽ፣ ስትሄድም ትፈሪያለሽ?»

«አልፈራሁም። እነሱን ጥዬ ብገባ ደጁ ላይ ማን ሆ ይላል?»

መካኒኩ እግሩን ከቤንዚን መስጫው ላይ አነሣ። የኮቴው ድምፅ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ከሁለቱም ጎን መጣ። ልጅቱ መስኮቱን እስከ ግማሽ ዘጋችው እንጂ ጨርሳ አልዘጋችውም፤ እንደዚያው በፈረስ እርምጃ ኮሶበር ገባን።