ባልበላ ጩፊ

«ፈረስ እሳት ሲያይ ይሸሻል» ይላሉ። ውሸት ነው። ፈረስ እሳት ሲያይ ቤቱ ይገባል። የሚነደው ራሱ ጋጣው ቢሆንም ያው ነው፤ ሲፈራ የሚያውቀው መደበቂያ እሱ ብቻ ነው።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ በተፋፋመበት በጋ፣ ሱሉልታ ከአስፋልቱ ጀርባ አንዲት ባዝራ ነበረችኝ። ከአዲስ አበባ የወጣሁት ፀጥታ ፍለጋ ነው፤ ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ግርግሩን ተገን ያደረገ የፈረስ ሌባ በዝቷል ሲባል የፊት እግሮቿን በእግር ብረት ቆለፍኩ። ጎረቤቴ ኦቦ (ስማቸውን ልተወው) ከአጥሩ ማዶ አዩኝና፣

«ፈረስ ናት ወይስ እስረኛ?» አሉ።

«ሌባ እንዳይወስዳት ነው፣ ኦቦ።»

«እሷንስ ማንም አይወስዳት። አንተን እንዳይወስዱህ እግርህን እሰር።»

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አስፋልቱ በድንጋይ ተዘጋ። ጥይት ተተኮሰ፤ አንድ ወጣት ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ወድቆ ሲጎትቱት በዓይኔ አየሁ። ትንሽ ቆይቶ አንድ የጭነት መኪና ነደደ። ነፋሱ ወደ እኛ ነበር። ፍንጣሪው መጀመሪያ የኦቦን የድርቆሽ ክምር ያዘ፣ ከዚያ የደረቀውን ሜዳ፣ ከዚያ የጋጣዬን የሳር ክዳን። የእሳት አደጋ መኪና በዚያ መንገድ እንደማይመጣ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገም።

የእግር ብረቱን ቁልፍ ፈልጌ አጣሁት። ጠዋት ወደ ሥራ ለሄደችው ባለቤቴ ደወልኩ።

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው» አለች።

«አንቺስ የት ነሽ?»

«አዲሱ ገበያ። ታክሲ የለም። ምን ሆንክ? ምንድነው የሚጮኸው?»

የምትጮኸው ባዝራዋ ነበረች። ስልኩን ዘጋሁት።

ኦቦ የገዛ ድርቆሻቸውን እንደነደደ ትተው መጥረቢያ ይዘው አጥሩን ዘለሉ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። እኔ ከፊት ገመዷን ስጎትት፣ እሳቸው ከኋላ በመጥረቢያው እጀታ ሲመቷት፣ የታሰሩ እግሮቿን እያነጠረች ወጣች። ከደጁ ጥቂት እርምጃ ርቀን ቆምን። ኦቦ ተንበርክከው ሰንሰለቱን ድንጋይ ላይ አደረጉና በመጥረቢያው ጀርባ ይቀጠቅጡት ጀመር። ብረቱን ሲስቱ ቁርጭምጭሚቷን ያገኛሉ፤ ደሟ ፊታቸው ላይ ይረጫል። በመሃል ቀና ሳይሉ ጮኹብኝ፦

«ባልበላ ጩፊ! ባልበላ ጩፊ!»

አማርኛቸው ከእኔ አያንስም፤ በዚያች ሰዓት ግን ጠፋባቸው። እኔ ደግሞ «ባልበላ» የምትለዋን ብቻ ለይቼ ሰማሁ። እኔ ባልበላ፣ አንተ ባትበላ። ሰውየው በዚህ እሳት መሃል ስለ መብላት ያወራሉ፣ ድንጋጤ አእምሯቸውን ነካው ብዬ፣

«አይዞዎት ኦቦ፣ በርቱ!» አልኳቸው።

ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ባዝራዋ ገመዱን ከመዳፌ ቆዳ ጋር ገፍፋ ነጠቀችኝና ዞራ ወለል ብሎ በተከፈተው በር ተመልሳ ገባች። ወዲያው ክዳኑ ወደቀባት። ስትወጣ ጋማዋ ይነድ ነበር። ደጁ ላይ በጉልበቷ ወደቀች። መነሳት አልቻለችም፤ መሞትም አልቻለችም።

«አንተ ትመታለህ ወይስ እኔ?» አሉኝ።

ወደ መጥረቢያው እጄን አልዘረጋሁም። ሦስት ጊዜ መቱ። በመጀመሪያው አልሞተችም።

መጥረቢያውን በአፈር እየጠረጉ፣ አሁን በአማርኛ፣ «በሩን ዝጋ ብዬህ አልነበረም?» አሉኝ።

«መቼ?»

«ባልበላ በር ነው» አሉ። «አምስት ዓመት ጎረቤቴ ነህ።»

ቤቴ ውስጥ ስለ ሩቅ አገር አብዮቶች የተጻፉ ሦስት መደርደሪያ ሙሉ መጻሕፍት ነበሩኝ። እሳቱ እነሱን አልነካም። ከዚህ ታሪክ ስለ ነፃነትና ስለ ሕዝብ ምሳሌ የሚያወጣ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ያውጣ። እኔ የማውቀው በር አለመዝጋቴን ነው።

አንተ ግን መጽሐፉን አስቀምጥና ጎረቤትህ ዘንድ ሂድ። በቋንቋው «በሩን ዝጋ» እንዴት እንደሚባል ጠይቀው። ዛሬውኑ።